የሾፌሩ ክዳን

ካርቶኑ እጄ የገባው አምቦ ፊዚክስ ሳስተምር ነው። ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር መጻሕፍቱን ለሌሎቹ አከፋፍሎ ለእኔ ይህን ሰጠኝ። ውስጡ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ታንክ ነበር፤ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያነሰ። ከሥሩ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ናስ ተቀምጧል፤ ማጠፊያዎች፣ እጀታዎች፣ የመብራት መከለያዎች ተፈልፍለውበታል። ፕላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ደቃቅ ደቃቁ ዕቃ በናሱ ይተካል። ሌላ ሰው ቢሆን ለልጆች መጫወቻ ይሰጠው ነበር። እኔ ግን የታንኩን ዓይነት ሳይ ደነገጥኩ። ወንድሜ የነዳው ነው።

ወንድሜን መንዳት ያስተማረው አባቴ ነው። ጌዶ አካባቢ የትራክተር ሾፌር ነበር፤ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ አስጨበጠው። ወንድሜን ለውትድርና ሲወስዱት "መንዳት የሚችል?" ሲባል እጁን አወጣ፤ ታንክ ላይ መደቡት። መንግሥት ተለውጦ ሌላው ሁሉ እየተንጠባጠበ ሲመለስ እሱ ቀረ። አንድ ታንክ ውስጥ አብሮት የነበረ ወታደር ብቻ ቤታችን መጣ። ወደ ግራ እየተኮሱ ሳለ ተመቱ፤ ከላይ ያሉት ሦስቱ ዘለው ወጡ። "ሾፌሩ ከፊት የራሱ በር አለው፤ እኔ አላየሁትም" አለ።

አባቴ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዘው "የራሱ በር አለው" የምትለዋን ነው። መንዳት ያስተማረው እሱ ነውና፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን የምትነግረው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች። ሽማግሌዎች ሊያረዱት ሁለት ጊዜ በማለዳ መጥተው ሁለቱንም ጊዜ በዚችው መለሳቸው። ለቅሶ አልተቀመጥንም። እናቴም ምንም አልተናገረች።

እንግዲህ እኔ ጅሉ ያንን በር ልሠራለት ተነሣሁ። ፕላስቲኩ ላይ ከፊት በግራ ያለው የሾፌሩ ክዳን ከገላው ጋር አንድ ሆኖ ስለተቀረጸ አይከፈትም። በምላጭ ፈልፍዬ አወጣሁት፤ ከናሱ ማጠፊያ ቆርጬ በወረንጦ አጠፍኩ። ሁለቱን አበላሸሁ፤ ሦስተኛው ተቀመጠ። ክዳኑ በጥፍር ሲነካ ብድግ ሲል ልቤ ክንፍ አወጣ። የቀረውን ናስ ለወጉ ያህል ለጣጠፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ጌዶ ወሰድኩት። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀብሎኝ መነጽሩን አደረገ። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

"ሰው ያስወጣል?"

"በደንብ ያስወጣል፣ አባዬ።"

እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ምላሴን በቆረጠው፣ "ላዩ ይዞራል፣ መድፉም ከፍ ዝቅ ይላል" ብዬ አሳየሁት። እሱ የማሽን ሰው ነው። "ያን ቀን ወደ ግራ ነበር የሚተኩሱት" አለና መድፉን ትንሽ ወደ ግራ አዞረው፤ ዝቅ አደረገው። ጥፍሩን ክዳኑ ሥር ሰደደ። ክዳኑ ጥቂት ተነሥቶ የመድፉን ሆድ ነካና ቆመ። እንደገና ሞከረ። ናሱ ጎበጠ እንጂ በሩ አልተከፈተም።

"የእኔ ስሕተት ነው፤ ክዳኑን አወፍሬዋለሁ። እውነተኛው እንዲህ አይደለም" አልኩ። ዋሽቼ ነው። መጠኑን ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች። አባቴ ወደ እሷ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ መድፉን ወደ ቀኝ አዙረህ አጣብቀው፤ እንዳይዞር" አለኝ። "እሷ እንዳታየው።"

ማጠፊያውን አቃንቼ መድፉን ወደ ቀኝ እንደዞረ አጣበቅኩት። አባቴ ታንኩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አስቀመጠ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን እየከፈተ "የራሱ በር አለው" ይላል። ያን ሲል ግን እኔን አያየኝም። እኔም ማስቲሽ የነካ ጣቴን ማየት እጠላ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ሞተ። ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ እናቴ ጮኸች። የጠራችው የባሏን ስም አልነበረም፤ የወንድሜን ነው። ደጋግማ ጠራችው። ጎረቤቶች "ሐዘኑ አምታታት" እያሉ ደገፏት።

እንግዳው ሁሉ ሲሄድ አጠገቧ ተቀምጬ፣ "መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"ወታደሩ የመጣ ዕለት" አለችኝ። "ዝም ያልኩት አባትህ እንዳያውቅ ብዬ ነው።"