ክዳኑን ያየሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት ከቡሹሎ አንዲት ተማሪ በባጃጄ ጫንኩ። ጉልበቷ መሃል ባልዲ ይዛለች፤ ባልዲው ውስጥ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ሞልቶበታል። ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር «ቀስ በይ እህቴ፣ እንዳይናወጥብኝ» ትለኛለች። ባጃጅ ተሳፍሮ አይናወጥብኝ ማለት ምን ማለት ነው? መንዳቴን ቀጠልኩ። የባልዲው ሽታ ግን፣ ያ የደንገልና የጭቃ ሽታ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ወደ ጨረስኩበት ክረምት ይዞኝ ሄደ።

ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። እናቴ አንዲት ወዳጇ ፀጉር ቤት አስገባችኝ፤ የመጀመሪያዋ ሹሩባ ሳታልቅ ተነሥቼ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው ጋም ያው ሆነ። አባዬ ታቦር ሰፈር ሱቅ ያለው፣ በቸርቻችን ሽማግሌ ሆኖ የሚያገለግል፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። በመጨረሻ ጠርቶ ቁርጡን ነገረኝ። ግቢያችን ውስጥ ክፍል የተከራየችው ሰብለ ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ አጋዥ ትፈልጋለች፤ የእሷ ሥራ እስካለ እሷ ጋ ልሥራ፤ ያለቀ ዕለት ግን ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት እገባለሁ፤ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ስፌት ማለት ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት እጅጌ። ማታ ማታ ከሰርቪስ የሚወርዱትን ልጆች አያቸዋለሁ፤ አንገታቸውን እያሹ ነው የሚወርዱት። ሳስበው ያፍነኝ ነበር።

የሰብለ ሥራ ሲሰሙት ያስቃል። የቀንድ አውጣ በሽታ ነበር የምታጠናው። ቀንድ አውጣው ውስጥ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ይኖራል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ስፖር በሚሉት ጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ ነው። የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየውም በዚያ ቅርፊት አሠራር ነው፦ አፉ ላይ ክዳን ካለው የአንዱ፣ ከሌለው የሌላው። አስተማሪዋ ክዳኑን በፎቶ ሳታሳዪኝ ስም እንዳትሰጪው ብሏታል። እኛ የምናየው ደግሞ ክብ ብቻ። ክብ፣ ክብ፣ አሁንም ክብ። ጤፍ የተበተነ ነው የሚመስለው።

ጠዋት ጠዋት ቡሹሎ ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። ውሃው ቢልሃርዚያ አያጣውም ብላ ረጅም ቦቲ ጫማ ታስደርገኛለች። ከደንገሉ ሥር በወንፊት እንለቅማለን። ዓሣ አጥማጆቹ በሲዳምኛ እየተሳሳቁ ያዩናል፤ አንዱማ ይሄን የምትበሉት ምን ቢርባችሁ ነው ብሎኛል። ዝናብ ሲያባርረን እጃችንን በሳሙና ፈትገን መንገድ ዳር ትኩስ የበቆሎ ጥብስ እንበላለን። እስከዚህ ድረስ ደስ ይለኛል። ከሰዓት ግን ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ አለ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ክቦቹም ይዘላሉ።

«ትርሲት፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች ሰብለ።

«ጉንዳን በስንት ጣዕሙ። እሱ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል።»

ትስቃለች፣ መልሳ ትቆጣለች። ክዳኑ ካልተገኘ እስከ ገናም ቢሆን መልቀማችን ነው ትላለች። ለእሷ ጭንቀት ነበር፤ ለእኔ የምሥራች።

አንድ ቀን ሰብለ ምንም እንዳልነካ፣ ዝም ብዬ እንድመለከት አስጠንቅቃኝ ምሳ ወጣች። ተመለከትኩ፣ ተመለከትኩ፣ መረረኝ። መርፌ አነሣሁና ጠብታውን የሸፈነውን ስስ መስታወት ጫፉን ነካ አደረግኩት። ክቦቹ እንደ ኳስ ተንከባለሉ። ደስ አለኝና ደገምኩት። አንዷ በጎኗ ተኛች።

ክብ አልነበረችም። ድስትን ከላይ ካያችሁት ክብ ነው፤ ክዳን እንዳለው የምታውቁት ከጎን ስታዩት ነው። አፏ ላይ ከአፏ ሰፋ ያለ ነገር እንደ ቆብ ተደፍቶባታል። ክረምቱን ሙሉ ድስት ከላይ ስናይ ነበር የከረምነው።

በሩን አየሁ። ማንም የለም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ዝም ካልኩ እስከ ገና ሐይቁ አለ፣ ወንፊቱ አለ፣ በቆሎው አለ። ከተናገርኩ እጅጌ። መስታወቱን ባጥበው ማን ያውቃል? የሰብለ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ እንኳ አልወሰንኩም ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«ክዳን አለው» አልኳት።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎንበስ አለች። ያቺ ስፖር ግን ተመልሳ ክብ ሆናለች።

«የታለ? ክብ ነው እኮ።»

«መስታወቱን ነካ አድርጊው።»

«አትንኪ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል። ነካ አድርጊው።»

ነካችው። ደግማ ነካችው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «እኔ እኮ ዝም ብዬ ሳየው ነው የከረምኩት» አለችና አቀፈችኝ። ፎቶው ተነሣ። ወንፊቱን አጥበን ሰቀልን። ከጥቂት ቀን በኋላ እኔም ሰርቪስ ላይ ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ አንገቴን እያሸሁ ወረድኩ።

ይህን የነገርኳቸው ሁሉ ምን ነበር ዝም ብትይ ይሉኛል። እኔም አስቤዋለሁ፣ በተለይ ስፌቱ ላይ። ግን ያን ክዳን ብቻዬን አይቼ፣ ሰብለ አጠገቤ ክብ ስታይ እስከ ገና መቀመጥ? ከእጅጌው የባሰ መቀመጥ እሱ ነበር።

ተማሪዋ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስትወርድ ባልዲዋን ገልጣ አየች፤ ተኮሳተረች። «አናወጥሽብኝ እኮ» አለችኝ።

«ትንሽ መናወጥ ይበጀዋል» አልኳትና ባጃጄን አዞርኩ።