ዘር ሳይቆጠር

ጣሊያን ሠርቶት በሄደው የጎንደር ሲኒማ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው አድማሴ፣ ሰሞኑን ስለሚታየው የፈረንጅ ሀብታም ወራሽ ፊልም ያልሰማው አስተያየት የለም። ኮረዶቹ በሳቅ እየተፍለቀለቁ ይወጣሉ፤ ነጋዴዎቹ «ያን ሁሉ ሀብት ጥሎ ገረዱን የሚያገባ ቂል!» እያሉ ያሙታል። ከድብ ባሕር ለርስት ሙግት የመጡት ሽማግሌ ፍርድ ግን ሌላ ነው።

ሽማግሌው ችሎት በማይዋልበት እሑድ ከሰዓት ከፊት ወንበር አይጠፉም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የክስ ወረቀት ያጨቁበትን ቀርከሃ ጭናቸው ላይ ያጋድማሉ። ወራሹ ልጅቷን ሊስም ጎንበስ ባለ ቁጥር ወለሉን በከዘራቸው ይደቁሱታል።

«ቆይ! ዘር ተቆጠረ?»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እሳቸው ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። «ሥዕሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ባለሪዙ አያቱ ነው። የእሷን አያት ማን ነገረን? ሰባት ቤት ሳይሞሉ ቢጋቡስ?»

ባለፈው እሑድ አድማሴ በር ላይ ጠብቆ፣ «አያ፣ ፈረንጅ እኮ ዘር አይቆጥርም» አላቸው።

ሽማግሌው ደንግጠው ቆሙ። «ምነው፣ የሚቆጥር ሽማግሌ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«እኔንና የወደድኳትን ግን ቆጠሩን» አሉ ቀስ ብለው። «ስድስት ቤት ሆንን። አንዲት ቤት ጎደለችና ተለያየን።»

ዛሬም መጡ። ወራሹ ጎንበስ ሲል ተመልካቹ ሁሉ ከዘራውን ጠበቀ። ከዘራው ዝም አለ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገልጠው፣ ወደ ሸራው አዘንብለው ጮኹ፦

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ ልጆቼ! ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱባችሁ!»