ደሴቷ ላይ የቀረ ስም

ደሴቷ ካርታው ላይ የአንድ መርከበኛ ሚስት ስም ተጽፎባታል፤ የሴትየዋ እግር ግን እዚያ ደርሶ አያውቅም። እኛ የበረዶው ባሕር ዳር ሰዎች ኒኩታይ ነው የምንላት። አንድ ጉብታ ያላት ጠጠራም ደሴት ናት፤ ጉም ሲወርድ ውሃው የዋጣት ትመስላለች። ኒኩታይ የመንደራችን ሴት የኡቪሉቅ ታላቅ ወንድም ነበር። ከደሴቷ አጠገብ የባሕሩ በረዶ ከሥሩ ከድቶት ሰጠመ። በእኛ ዘንድ የሟች ስም የሚያርፈው አዲስ በተወለደ ልጅ ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን አንድም ልጅ አልተወለደም። ስሙም መጠጊያ ሲያጣ ደሴቷ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ የሚሄድ ሁሉ «ኒኩታይ፣ ደህና ዋልክ?» ሳይል አያልፍም።

ይህ ነገር የኡቪሉቅን አንጀት ሲበላ ኖረ። እሷ አርጅታ፣ ምራቷ ኤሊሳፒ ሴት ልጅ ስትወልድ፣ ሕፃኗን ታቅፋ የወንድሟን ስም አወጣችላትና «ወንድም ጋሼ፣ እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ» አለቻት።

«ጆአናሲ እስኪመለስ ብንቆይስ?» አለች ኤሊሳፒ። ባሏ ጆአናሲ ለአደን ወጥቶ እዚያችው ደሴት ላይ ነበር የሰፈረው።

«ወንድሜን ስንት ዓመት ይብረደው?»

በማግስቱ የጆአናሲ ድምፅ በመገናኛ ሬዲዮው መጣ። «እማ፣ ደሴቷ የለችም።»

«ምን ጠጥተህ ነው?»

«ሻይ ነዋ። ትናንት ድንኳኔን ጠጠር ላይ ተከልኩ። አሁን ከሥሬ ያለው በረዶ ነው፤ ስስ ነው፣ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ጉብታውም የለም።»

የኤሊሳፒ ፊት አመድ መሰለ። «እማማ፣ ስሙን ለደሴቷ ይመልሱላት፤ በሞቴ።»

ኡቪሉቅ ሕፃኗን አየቻት። ሕፃኗ አታለቅስም፤ የሚያውቀውን ሰው እንደሚያይ ሰው ትክ ብላ ታያታለች። ያለቀሰችው አሮጊቷ ናት። «ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፤ ልጄ ነው» ብላ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣች፤ ፊቷን ወደ ደሴቷ አዙራ ስሙን ተጣራች። ወዲያው ቤት ውስጥ ሬዲዮው ተናገረ፦ «እማ፣ ጠጠር ረገጥኩ።»

ለሕፃኗ ሌላ ስም ወጣላት። ኡቪሉቅን ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚያሞቃት ጠፋ፤ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። ልትሞት ስትል ኤሊሳፒ እንደገና እርጉዝ ነበረች። ጆአናሲ የእናቱን እጅ ይዞ «ሴት ከሆነች ባንቺ ስም ነው የምጠራት፤ እማ እያልኩ አሳድግሻለሁ» አላት።

«ተው። ስሜን ለልጅ እንዳትሰጠው። ደሴቷ ዘንድ ሄደህ ተጣራው፤ ወንድሜ እዚያ ብቻውን ነው።»

እሷ ስታርፍ ጆአናሲ እያለቀሰ ሄዶ ስሟን ተጣራ። ዛሬ በዚያ ሲያልፍ የበረዶ ሞተሩን አጥፍቶ «ደህና ዋላችሁ?» ይላል። አላምንም ያለ ሄዶ ይቁጠር፤ ጉብታዎቹ አሁን ሁለት ናቸው።