ፎቅ ላይ ማን ይጣራል?

በሃምሳዎቹ ለመንግሥት ሥራ ከሚሴ ተመድቤ ስሄድ የተከራየሁት፣ አንድ ነጋዴ ሐጂ በደሴ መንገድ ዳር ካሠሩት ፎቅ ላይ ነው። ከታች ሱቃቸው ነው፤ ከላይ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሩ። «ይች ከተማ ኢንሻ አላህ ታድጋለች፤ መሬቱ ሲጠብ ሰው በሰው አናት ላይ ይኖራል» ይሉኝ ነበር። እስከዚያው ግን የምኖረው እኔ ብቻ ነበርሁ። «ግቢ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?» እያለ ሰው ሁሉ ሸሸው። የባዶዎቹን ክፍሎች በር ነፋስ ብቻ ሲያንኳኳ ይውል ነበር።

መኸር ላይ ከከተማው አጠገብ ያለው የጨፋ ረግረግ ወባ ጣለኝ። ጎረቤት ይጠይቀኛል ብዬ ብጠብቅ አንድም ሰው ብቅ አላለም። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አገር ነው ብዬ በሆዴ ተቀየምሁ። ሐጂ ያን ሰሞን ሱቁን ዘግተው ለሸቀጥ ደሴ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ባማርርላቸው ሳቁ።

«ኧረ መጥተው ነበር አሉ! ወተትም አጥሚትም ይዘው። ከደረጃው ሥር ቆመው ‹ቤቶች!› ቢሉ መልስ አጡና ተመለሱ።»

ሳይጣሩ፣ ግቡ ሳይባሉ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው፤ ለእነሱ ደግሞ ደረጃው የግቢ በር ነበር። የበሽተኛ ድምፅ በመንገዱ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ጩኸት አልፎ እንዴት ይውረድላቸው?

ከዳንሁ በኋላ አንድ አመሻሽ ከሥራ ስመለስ፣ ደረጃውን ወጥቼ ክፍሌ ፊት ቆምሁና «ቤቶች!» አልሁ።

ቁልፉን በእጄ ይዤ ትንሽ ጠበቅሁ።