የሚወጋው ጥድ

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ከመጥረቢያ ይብሳል» አሉኝ ጋሽ ተክሉ ማክሰኞ ዕለት፣ ፊት ለፊት።

ጋሽ ተክሉ እኔ ጅቡቲ ከተማ ሀራሙስ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ከምኖርበት ቪላ አጠገብ ያለው ቤት ዘበኛ ናቸው። በር ላይ በዘይት ቆርቆሮ አንድ ችግኝ ያሳድጋሉ። እዚሁ አገር ካለው ከዳይ ተራራ የመጣ የሀበሻ ጥድ ነው ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚጠጡት ውሃ አካፍለውታል። እዚሁ ከተማ በተቀበሩት ባለቤታቸው መቃብር ላይ ሊተክሉት ነው። ያን ማክሰኞ ነካሁትና ወጋኝ። ተማሪ ሳለሁ የችግኝ ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ፤ የጥድ ችግኝ ለስላሳ እንደሆነ እጄ ያውቃል። «ይሄ እሾህ ነው ጋሼ፣ ተሸውደዋል» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲያጠጡት አላየሁም። ቆርቆሮውን ከግንቡ ጥግ አውጥተው ፀሐይ ላይ ጣሉት። የጅቡቲ ፀሐይ ላይ።

የዕረፍት ቀኔን መተኛት አልቻልኩም፤ ዳይ ወጥቼ ዛፉን ራሴ ልየው አልኩ።

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ምኒልክ አደባባይ

የካፌዎቹ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ናቸው። ችግኙን ያመጣው ሁመድ የሚባል የአፋር ሰው ነው፤ በየዓርቡ በመኪናው ዱቄትና ስኳር ጭኖ ወደ ዳይ ይወጣል። አማርኛ የለመደው በጋላፊ ድንበር ወደ ኢትዮጵያ ሲነዳ ነው። ሁለት ሺህ ፍራንክ ተቀብሎኝ ከፊት አስቀመጠኝ። የምሄድበትን ስነግረው ዛፍ አዋቂዋ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ሳቀብኝ።

ሁለት ሰዓት፣ የታጁራ መንገድ

ጥቁር ድንጋይ። ፍየል። እንደገና ጥቁር ድንጋይ። በስተቀኝ ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። ወደ የመን ሊሻገሩ የሚሄዱ የሀገሬ ልጆች አስፋልቱን ይዘው ይጓዛሉ። ሁመድ አቆመና አንድ ጀሪካን ውሃ አወረደላቸው። እዚህ አገር ጥድ ይበቅላል የሚለኝን ሰው ልሰድበው ትንሽ ቀርቶኛል።

አራት ሰዓት፣ ዳይ

በረደኝ። ጅቡቲ ውስጥ ሆኜ በረደኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የሞቱትን ጥዶች ነው። ቅርፊታቸው ተልጦ፣ ግራጫ ሆነው፣ እንደቆሙ ደርቀዋል፤ ሸንተረሩን ሙሉ። መሃላቸው አንድ ሕያው አለ። ግንዱን ሁለት ሰው ቢያቅፈው እጅ ለእጅ አይነካካም። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ጫፉን ፈለግሁ፤ ጉም ውስጥ ነው። እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ይሸታል። ፍሬው ትምህርት ቤት እንደማውቀው ደረቅ አይደለም፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ሲጨምቁት ይረጥባል። ቅጠሉ ለስላሳ። 

ሁመድ ሥሩ ካለ ቡቃያ ላይ እጄን አስቀመጠው። ወጋኝ።

«ልጅ ሲሆን ይወጋል» አለ። «ሲያድግ ይተዋል። አያቴም ይህን ዛፍ እንዲሁ ትልቅ ሆኖ ነው ያገኘው።»

ከዚያ ቁመቱ እኔን የሚያክል ሌላ ጥድ አሳየኝ፤ ከታች ይወጋል፣ ከላይ ለስልሷል። ትምህርት ቤት ያፈላነው የፈረንጅ ጥድ ነበር። ሁላችንም ጥድ ስንለው ኖርን፤ የራሳችንን በልጅነቱ አይቼው አላውቅም።

ሁመድን አስፈቅጄ ከዚሁ ዛፍ ሁለት ቅንጣቢ ቆረጥኩ፤ አንድ የሚወጋ፣ አንድ ለስላሳ።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሀራሙስ

ጋሽ ተክሉ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው እዚያው ነው፤ የችግኙ ጫፍ ቡናማ ሆኗል። ቅንጣቢዎቹን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ከአንድ ዛፍ ናቸው ጋሼ። ልጅ ሲሆን ነው የሚወጋው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

በጣታቸው አሹት። አሸተቱት፤ ደግመው አሸተቱት።

«ውሃ ካየ ሦስት ቀኑ ነው» አሉ።

ተንበርክከው ግንዱን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። እኔም ጎንበስ አልኩ። ሥሩ አካባቢ፣ ከቅርፊቱ በታች፣ ክር የምታህል አረንጓዴ አለች።

«ያዢ» አሉኝ።

ቆርቆሮውን ለሁለት አንስተን ወደ ግንቡ ጥግ መለስነው። ከመንገድ የተረፈኝን ውሃ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩበት። አሠሪዬ ከቪላችን ውስጥ ተጣራች። ባዶውን ጠርሙስ ይዤ፣ የጫማዬን አቧራ አራግፌ ገባሁ።