ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ የቆየ ድረ ገጽ ስከፍት መሃሉ ላይ ግራጫ ሳጥን ወጣ። ቪዲዮ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ። ሳጥኑ ውስጥ ከሥዕል መገጣጠሚያ ጨዋታ የወደቀች የምትመስል ትንሽ ቁራጭ ሥዕል ነበረች። ከጎኔ የተቀመጠችው ጓደኛዬ «ተበላሽቷል፣ ዝጊው» አለችኝ። እኔ ግን መዝጋት አቃተኝ። ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቤንዚን ከየት ይመጣል? ከቡታጅራ ነው የመጣው፤ ከአያቴ ጣቶች።

አያቴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። የሰዓቶችን ሆድ ዕቃ በቤንዚን ያጥቡ ስለነበር እጃቸው በዒድ ቀን እንኳ ቤንዚን ይሸታል። ያን ጊዜ እኔና እናቴ እሳቸው ቤት ነበርን። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ እዚያው ነበረች። በዚያ ቤት የቆመ ሰዓት አይታለፍም፤ የተሳሳተ ሰዓትማ ጭራሽ አያድርም። እንግዳ ገብቶ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል፣ አያቴ ሰላምታውን እየመለሱ ዓይናቸው ወደ እንግዳው የእጅ ሰዓት ይሄዳል። «ይቺ ትንሽ ትቀድማለች፣ አምጣት እስቲ» ይሉታል፣ ሰውየው ገና ሳይቀመጥ።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ አክስቴ ነው። እሷ መዋለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ነበረች። ክፍሏ ውስጥ መስማት የማትችል አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ሲዘምሩ አፍ አፋቸውን እያየች አፏን እንደነሱ የምትከፍትና የምትዘጋ። አክስቴ ማታ ማታ ጫማዋን እያወለቀች «ዛሬም ለልጅቷ አንዲት ቃል ሳልነግራት ዋልኩ» ትል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንና ይተወው ነበር። እሷ ጠይቃ አጠያይቃ አዲስ አበባ ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተማሪዎች የሚያሠለጥን ቦታ አገኘች። የመግቢያ ፈተናው ቅዳሜ ነው ተባለች። ለፈተናው የሚጠኑት የመጀመሪያ ትምህርቶች ድረ ገጻቸው ላይ ናቸው፤ በቪዲዮ። የእጅ ቋንቋ እንግዲህ በወረቀት አይጠና። ቪዲዮውን ካላየች ቅዳሜ የለም፤ ያቺም ልጅ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች።

የአክስቴ ስልክ ቪዲዮውን አልከፍትም አለ። ቤት ውስጥ ግን አጎቴ ከአዲስ አበባ የላከልን አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረ፣ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ የሚቀመጥ። ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ሲያባራ ደግሞ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ እንደ ንብ ሲያጉረመርም ይሰማል። አክስቴ ስልኳን በገመድ አገናኝታ ኢንተርኔት አስገባች። ገጹ ተከፈተ። በቪዲዮው ቦታ ያ ግራጫ ሳጥን ብቻ! ሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ ጣቷን መስታወቱ ላይ እያስኬደች አነበበችልን። ቪዲዮውን ለማየት ፕለጊን ያስፈልጋል፣ ፍላሽ ይጫን፣ ይላል።

«ፍላሽ?» አለ በራችን ላይ ዝናብ የተጠለለው የሙዚቃ ቤቱ ጎረምሳ። ዘፈንና ፊልም በፍላሽ ዲስክ እየገለበጠ የሚሸጥ የሰፈራችን ልጅ ነው። «ፍላሽ ነው እንዴ እንዲህ ያስጨነቃችሁ? እኔ ጋ ሞልቶ የለ!»

በዝናቡ ሮጦ ሄዶ አንድ ቀይ ፍላሽ ዲስክ አምጥቶ ሰካ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ሳጥኑ እዚያው ነው። ነቀለው፣ እፍ አለበት፣ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካው።

«ፕለጊን ማለት ሰካ ማለት አይደል? ሰካንላት! ሌላ ምን ትፈልጋለች?»

«ዘፈን ያለበት ፍላሽ አትወድ ይሆናል፤ አጥባቂ ናት» አለች እናቴ።

አክስቴ እየሳቀች መዝገበ ቃላቷን አመጣች። እሷ እንዲህ ናት፤ ትስቃለች፣ እጇ ግን ሥራውን አይተውም። ይሄኛው ፍላሽ የሚሰካ ዕቃ ሳይሆን ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕሮግራም መሆኑን፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ገብቶ ቪዲዮ የሚያሳየው እሱ መሆኑን ደረሰችበት። ጎረምሳው «በስሜ ነግደውብኛል» ብሎ ፍላሹን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የአክስቴ ጀግንነት። የሚወርድበትን ገጽ ስትከፍት ኮምፒዩተሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፦ ይህ ግንኙነት አይታመንም። ዘግታ ትከፍተዋለች፤ ያው። ብሮውዘሩን አጥፍታ እንደገና ጫነችው፤ ያው። መብራት ሄደ፤ መብራት እስኪመጣ በራፉ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። መጣ፤ ያው። እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ዝም ብለሽ እሺ በይው! ከሥሩ እሺ የሚል አለ አይደል?»

«ያልገባኝን ነገር እሺ አልልም።»

«ለዚህ እኮ ነው ባል ያጣሽው።»

«ባሉም መጀመሪያ ይነበብ» አለች አክስቴ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፊቷን አያለሁ። የስክሪኑ ብርሃን ጉንጯ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወድቃል። ሌሎቻችን የጠላነውን ማስጠንቀቂያ እሷ እንደ ደብዳቤ ነው የምታነበው፤ የሆነ ሰው ሊነግራት የፈለገው ነገር እንዳለ ሁሉ። ዛሬ አንድ ነገር አልሠራ ሲለኝ ከመናደዴ በፊት የማነበው ከሷ በወረስኩት ልማድ ነው። ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከማስጠንቀቂያው ግርጌ፣ እስከዚያ ያላየነውን ጭራ የመሰለ ትንሽ ጽሑፍ አገኘች። አንድ ጊዜ ለራሷ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ይላል።»

አያቴ ጥግ ላይ የአንድ ሰዓት ክዳን ሲከፍቱ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የማን ሰዓት?»

«የኛ፣ አባ። የኮምፒዩተሩ።»

«ወላሂ፣ በዚህ ቤት ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት የለም። እኔ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት። ሲመጣ ጉድ ነበር እኮ! ጠዋት ሁለት ሰዓትን ስምንት ሰዓት ይላል። ዓመቱ ደግሞ ገና ያልደረስንበት። እጄን አጣጥፌ ዝም ልበል?»

አክስቴ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ ጥግ መለሰች። እዚያ ጥግ ላይ የኛ ቀን፣ የኛ ሰዓትና ሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. በንጽሕና ተቀምጠዋል። አንድም ስህተት የለባቸውም፤ ኮምፒዩተሩ ግን የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ቁጥሩን በፈረንጅ ስለሚያነበው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት እንዳለ ነው የሚያስበው።

እሳቸው ለሶላት እስኪወጡ ጠብቃ በስውር ልትቀይረው ትችል ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። እሷ ተነሥታ ወንበሯን ለአያቴ ለቀቀች።

«አባ፣ እርስዎ ትክክል ነዎት። እኔም የምኖረው በርስዎ ቀን ነው። ግን ይሄ ፕሮግራም ከፈረንጅ አገር ነው የሚመጣው፣ መታወቂያውን ይዞ። መታወቂያው ላይ የተሰጠበት ቀን አለ። በኛ ኮምፒዩተር አቆጣጠር ያ ቀን ገና አልመጣም። ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ በርዎን ቢያንኳኳ ያስገቡታል?»

«አላስገባም።»

«እሱም ያደረገው ይሄንኑ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደንበኛ ዘበኛ ነው» አሉ አያቴ። ኮምፒዩተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩት። አክስቴ እጇን ወደ ማውሱ ስትልክ ግን ያዟት። «ተይ፤ በዚህ ቤት ሰዓት የምነካ እኔ ነኝ። አንቺ የነሱን ቀን ንገሪኝ።»

እሷ ከስልኳ እያየች ነገረቻቸው፤ እሳቸው ቤንዚን በሚሸት ጣታቸው ዓመቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ ገፉት። ቢስሚላህ ብለው ተጫኑ።

ቀዩ ማስጠንቀቂያ ጠፋ።

ፕሮግራሙ እየተንፏቀቀ ወረደ። ሁላችንም ስለ መብራቱ እየጸለይን አየነው። አክስቴ ብሮውዘሩን ዘግታ ስትከፍተው በግራጫው ሳጥን ቦታ አንዲት ሴት ቆማለች። እጆቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ቤቱ ውስጥ እልልታ ሆነ፣ ወዲያው ግን እናቴ «ድምፁስ?» አለች። ጎረምሳውም «ስፒከር ላምጣ? ትልቅ አለኝ» ብሎ ተነሣ።

«ድምፅ የለውም» አለች አክስቴ፣ ፊቷ በርቶ። «ትምህርቱ ይሄ ነው።»

ዓርብን ሙሉ እኔና እሷ ስክሪኑ ፊት ቆመን የሴትየዋን እጅ ተከተልን። ውሃ። እናት። ነገ። እኔ እየተሳሳትኩ እስቃለሁ፤ እሷ እየተሳሳተች ትደግመዋለች። ቅዳሜ በማለዳ፣ ጭቃው ሳይረገጥ፣ በቡኢ በኩል በሚሄደው መኪና ወጣች።

አለፈች። ሥልጠናውን ጨረሰች፤ እዚያው አዲስ አበባ፣ መስማት ለማይችሉ ልጆች በተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ሥራ ሰጧት። የዚያችን መስማት የማትችል ትንሽ ልጅ ወላጆች ለምና ለምና ልጅቷን ወሰደቻት። የአክስቴ አልጋ ለእኔ ሆነ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው። አያቴም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። እኔና እናቴ ወደ ወልቂጤ ከመዛወራችን በፊት በነበረው ዒድ አክስቴና ልጅቷ እንደሚመጡ ሰማሁና መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳቸው።

ከመኪናው ሲወርዱ እየተጨቃጨቁ ነበር። ያለ ድምፅ። በወያላዎቹ ጩኸትና በጡሩምባው መሃል አራት እጅ እየተቀዳደመ ይበራል። ያቺ የሌሎችን አፍ ታይ የነበረችው ልጅ አሁን ክርኗን ወገቧ ላይ አድርጋ አክስቴን ትቆጣለች፤ አክስቴም እየሳቀች ትመልስላታለች። ከነሱ ንግግር አንዲት ቃል እንኳ መያዝ አቃተኝ። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም። እኔን ግን ገና አላዩኝም።

ሲያዩኝ እጄን አንሥቼ «ውሃ» አልኩ። የማስታውሰው እሱን ብቻ ነበር። ልጅቷ አተኩራ አየችኝ፣ ለአክስቴ አንድ ነገር በፍጥነት ነገረቻት፣ ሁለቱም ሳቁ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ኋላ እነግርሻለሁ» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ከልጅቷ እጆች ላይ ሳታነሣ።

ሻንጣዋን ተቀበልኳትና የሁለቱን እጅ እያየሁ ከበስተኋላቸው ተከተልኩ።