የድሃው ድርሻ

ዐብዱሰመድ ቅዳሜ ጠዋት ለጎብኚዎች የሚናገራት አንዲት ንግግር ነበረችው። ዳላስ ዙሪያ ካሉት ከፕሌኖና ከአዲሰን ሆቴሎች በቫኑ ጭኖ ያመጣቸውን ሰዎች ጥብቅ ሥፍራው በር ላይ ያሰልፍና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኮምቦልቻን ባልለቀቀ እንግሊዝኛው «ከመንገዱ አትውጡ፣ አትጩኹ፣ ለእንስሳ ምንም ነገር አትስጡ፣ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳን!» ይላቸዋል። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ጣቱን ይቀስራል። ከጎብኚዎቹ የሚስቅ አይጠፋም። እሱ ግን አይስቅም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቅዳሜ ሳይናገራት ቀርቶ አያውቅም፤ ያንን ስህተት ሲሠራ በከረመበት ሰሞን እንኳን ጣቱን እየቀሰረ ይናገራት ነበር። ኋላ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

ሰውየው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌዊስቪል ዙሪያ ካሉት መጋዘኖች እሱ ካርቶን ያላነሳበት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወገቡ እምቢ ሲለው ቫን ገዝቶ ኤርፖርት መመላለስ ጀመረ። ከሚኖርበት አፓርታማ ጀርባ ሣርና ዛፍ የወረሰው፣ መሐሉን ጅረት የሚያቋርጠው ሰፊ መሬት ነበር። እዚያ ላይ ሌላ መጋዘን ሊሠራ ነው ተብሎ ሲወራ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አይሆንም አለ። ዐብዱሰመድም እጁን አውጥቶ «እስከ ዛሬ የሠራሁበት መጋዘን ይበቃኛል፣ ወላሂ!» ብሎ ስብሰባውን አስቆታል። ከተማው በመጨረሻ ተስማማ፤ ግን በነጻ አልነበረም። መሬቱ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የሚቆየው ጎብኚ እስከመጣበትና የሰፈሩ ሰው ራሱ እስካስጎበኘው ድረስ ነው ተባለ።

ጎብኚ ደግሞ ሣር ሊያይ አይመጣም። የሚመጣው ለወይዘሮ ነበር።

ወይዘሮ የዱር ድመት ናት፤ አሜሪካኖቹ ቦብካት ይሏታል። ከቤት ድመት ሁለት እጥፍ ትገዝፋለች፣ ጅራቷ ቁራጭ ነው። ስሙን ያወጣላት ዐብዱሰመድ ነው፤ ሰው አይታ እንዳላየች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስለምታልፍ። አሥር ጊዜ የመጣ ጎብኚ አንድ ጊዜ ቢያያት፣ ያውም ከሩቅ፣ ያውም ጀርባዋን ብቻ፣ ዕድለኛ ነኝ ብሎ ይሄዳል። ዐብዱሰመድ ሲጠየቅ «እንጀራዬ ናት» ይል ነበር። ውሸቱን ነው፤ ይወዳታል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ጠፋ። ጅረቱ ደረቀ፣ ጥንቸሉ የት እንደገባ አልታወቀም። ወይዘሮ ወልዳ ነበር። ከሁለቱ ልጆቿ አንዱ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ገጭቶት ተገኘ። አንዱ ቀራት። እሷ ራሷ የጎኗ አጥንት ይቆጠር ጀመር። ዐብዱሰመድ አላስችል ቢለው ኤልዳና ዘንድ ሄደ። ኤልዳና የጥብቅ ሥፍራው ኃላፊ ናት፤ ዳላስ የተወለደች የአበሻ ልጅ፣ ስለ እንስሳት የተማረች፣ አማርኛዋ እየተደነቃቀፈም ቢሆን አክብሮቱን የማትረሳ።

«ልጄ፣ ይቺን ነገር ምን እናድርግላት?» አላት።

«ምንም፣ ጋሼ። ማለቴ፣ ያማል፣ ገብቶኛል። ግን ፊድ ካደረግናት፣ ካበላናት፣ ሰው መፍራት ታቆማለች። ሶ፣ እርስዎም ምንም እንዳያደርጉ። ኦኬ?»

«ኦኬ» አለ ዐብዱሰመድ። ሲላት ከልቡ ነበር።

ከዚያ አረፋ ደረሰ። እንደየዓመቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ሁለት በግ አርዶ፣ ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍሎ ቤቱ ገባ፤ አንዱ እጅ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለድሃ። ሚስቱ ዘይነብ የድሃውን ድርሻ በላስቲክ ቋጥራ ስልኳን አነሳች። የደወለችላቸው ሁሉ እነሱም አርደዋል። መስጊዱም ማቀዝቀዣው ሞልቶ ከአፉ ደርሷል። በዚህ አገር ድሃ የለም ማለት አይደለም፤ ዘይነብ ያጣችው በሩን አንኳኩታ «እንካ» የምትለውን፣ የምታውቀውን ድሃ ነው። ሥጋው ፍሪዘራቸው ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ።

«የሰው ሐቅ ቤቴ ውስጥ ይዤ እንዴት ነው የምተኛው?» እያለች ፍሪዘሩን በከፈተች ቁጥር ትነጫነጫለች። «የሚበላው ሰው ፈልግና ውሰድልኝ።»

ዐብዱሰመድ አሰበ። የሚያውቀው ረሃብተኛ አንድ ብቻ ነበር። ለእንስሳ የሰጠም አጅር፣ ከአላህ ዘንድ ዋጋ፣ እንዳለው ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለ ለራሱ። ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ቫኑን ከጅረቱ ዳር አቁሞ የኋላውን በር ከፈተና፣ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ቋጠሮ ሥጋ ሣሩ ላይ ፈታ።

የመጀመሪያውን ቀን አልመጣችም፤ ሥጋው ግን በማግስቱ የለም። በሦስተኛው ቀን ከሃምሳ እርምጃ ላይ ቆማ አየችው። በሁለተኛው ሳምንት የቫኑን ድምፅ ለይታ፣ ልጇን አስከትላ፣ እሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ትደርሳለች። ሥጋው ለስድስት ሳምንት በቃቸው። ጎኗ ሞላ፣ የልጁ ጸጉር ማብለጭለጭ ጀመረ። ዐብዱሰመድ ደስ አለው፤ ይሄን መደበቅ አይቻልም። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን ለአንድ ፍጡር የጠቀመ መስሎት አያውቅም።

ሥጋው ካለቀ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጎብኚዎቹ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው የጎረቤቱ የጦልሃ ልጅ ሳጂዳ ነበረች፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሳንድዊቿን ይዛ። ዐብዱሰመድ ንግግሩን ሊጀምር ልጆቹን ለማውረድ የኋላውን በር ከፈተው። ወይዘሮ ከሣሩ ወጥታ ቀጥ ብላ መጣች። ሳጂዳ «ኪቲ!» ብላ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ የለመደችውን ፈልጋ ሳንድዊቹን ከነእጇ ያዘች።

ቁስሉ ትልቅ አልነበረም። የመጣው ነገር ግን ትልቅ ነበር። ሰው የነከሰ የዱር እንስሳ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሌለበት መመርመር አለበት፤ ምርመራው ደግሞ ከአንጎሉ ነው፣ ማለትም ተገድሎ። ሳጂዳ መርፌ ጀመረች። ከከተማው የመጡ ሰዎች ወጥመድ አጠመዱ። ሦስት ቀን ሙሉ ወይዘሮ ወጥመዱን አልፋ ሄደች እንጂ አልገባችም።

«ካልተገኘች ቦታውን ይዘጉታል» አለችው ኤልዳና። «የማይገባኝ፣ ጋሼ፣ ለምን ቀረበች? ሜክ ሴንስ አያደርግም።»

ዐብዱሰመድ ጫማውን አየ።

ያን ቀን እቤቱ ሲገባ ዘይነብ ፍሪዘሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። «ሥጋውን ለማን ነበር የሰጠኸው?»

ነገራት።

«እኔ ሰው ፈልግ ነው ያልኩህ» አለች። «በል ተነሥና ንገራቸው። ጦልሃ ልጁን ይዞ ሐኪም ቤት ሲመላለስ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ሻይ አትጠጣም።»

መጀመሪያ ጦልሃ ዘንድ ሄደ። ጦልሃ ሰምቶት ሲያበቃ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ እስከ ዛሬም ሰላምታ የላቸውም። ቀጥሎ ኤልዳና ዘንድ ሄደ። አልጮኸችም። ዓይኗ ብቻ እንባ ሞላ።

«ነግሬሃለሁ እኮ» አለችው። ሁልጊዜ አንቱ የምትለው ልጅ ነበረች። «ቫኑን ካየች ትመጣለች?»

ዐብዱሰመድ አትመጣም ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። የልጅቷ እጅ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

«ትመጣለች» አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በለመደው ሰዓት፣ ቫኑን ጅረቱ ዳር አቆመ። ከወንበሩ ኋላ የማደንዘዣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተደብቋል። ዐብዱሰመድ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ የኋላውን በር ከፈተ። ቢስሚላህ ማለት ግን አልቻለም፤ አፉ አልታዘዘውም። እሷ ቀና ብላ፣ ሳትጠራጠር፣ በቀጥታ ወደ እሱ መጣች። ተኩሱ ብዙም ድምፅ አልነበረውም። ጥቂት ሮጣ ወደቀች፤ በሸራ ጠቅልለው ወሰዷት።

ውጤቱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ጤነኛ ነበረች።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ያን ጠዋት፣ እናቱን ጭነው እንደሄዱ፣ ልጇ ከሣሩ ወጥቶ ከቫኑ በር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ነበር። ሥጋ እየጠበቀ ነው።

«እሱም ሰው ጋር ከመጣ ይወስዱታል» አለች ከጎኑ የቆመችው ኤልዳና። «ከተማውን አንድ ወር ብቻ እንዲታገሡን ለምኛለሁ። መፍራት አለበት። አንተን መፍራት አለበት፣ ጋሼ፤ ሌላ ሰው አያውቅም።»

ዐብዱሰመድ ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሳ። ወረወረ፤ አውቆ ሳተው። ልጁ አልሸሸም። ዱብ ዱብ እያለ ሄዶ ጠጠሩን አሸተተው፤ የተወረወረለት ሥጋ መስሎታል። ዐብዱሰመድ ሁለተኛውን ጠጠር ሲያነሳ ያለቅስ ነበር፤ ይሄኛውን ግን አልሳተም። ጎኑ ላይ መታው። ልጁ ጮኸ፣ ግን ርቆ አልሄደም፤ ዞሮ አየው። «ሂድ!» አለው፤ «ሂድ አንተ ከንቱ! ሂድልኝ!» ሦስተኛውን ወረወረ።

ከዚያ በየጠዋቱ በዚያው ቫን መጣ፤ የዘይነብን የድስት ክዳን እያንኳኳ፣ ኪሱን ጠጠር ሞልቶ። ያንን እንስሳ ያጎረሰው እጅ በየቀኑ ደበደበው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ሣሩ አልተነቃነቀም። በሃያኛውም፣ በሃያ አንደኛውም።

ቦታው አልተዘጋም፤ ጎብኚው ግን ከግማሽ በታች ሆኗል። በሚመጣው ዓመት ይቆይ አይቆይ ገና አልታወቀም። ኤልዳና ንግግሩን ከእሱ አልወሰደችበትም፤ ቅጣት ይሁን ምሕረት እሱም አልጠየቃት። አሁን ጣቱን አይቀስርም። «የዳቦ ፍርፋሪ እንኳን» ካለ በኋላ «እኔ ሰጥቼ አንዷን አስገድያለሁ» ይላል፤ ማንም አይስቅም። ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሰን የመጣች አንዲት ሴትዮ ታዲያ ልጁስ አለ ወይ፣ አይተኸዋል ወይ ስትል ጠየቀችው።

«ካየሁት ሁለት ወር አለፈኝ» አላት። «አልሃምዱሊላህ።»